ዩሪያና ኤንፒኤስ በእኛ ማሳ፦ ዕቃው ጥሩ ነው፣ አመጣጡ ግን

ሁለቱም ማዳበሪያ ናቸው፤ ከዩሪያው ልጀምር። ነጭ፣ ክብ ክብ ፍሬ ነው። ከመቶው 46 እጁ ናይትሮጅን ነው። በ50 ኪሎው ከረጢት ውስጥ 23 ኪሎ ናይትሮጅን አለ ማለት ነው። እኛ አርሲ፣ ኢተያ አካባቢ ስንዴ እናመርታለን፣ ትንሽ ጤፍም አለን። ቡቃያው ቢጫ ቢጫ ሲል ዩሪያውን በሰዓቱ ካገኘ፣ ብዙም ሳይቆይ መልኩ ተቀይሮ ጥቁር አረንጓዴ ይሆናል። ገንዘብህ የት እንደገባ በዓይንህ ታየዋለህ።

ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከአፈር ሳትቀላቅለው ላይ ላዩን በትነኸው ፀሐይ ከወጣ፣ ናይትሮጅኑ ወደ አሞኒያ ጋዝ ተቀይሮ በአየር ይሄዳል። ኃይለኛ ዝናብ ከመጣ ደግሞ ታጥቦ ወንዝ ይገባል። እኛ ከፍለን ነው የምንሰጠው። ጥቂቱን በዘር ጊዜ፣ የቀረውን ከመጀመሪያው አረም በኋላ አፈሩ ረጠብ ሲል። ሁሉንም አንዴ የሚበትኑ ጎረቤቶች አሉን፣ ያሳዝኑኛል። እርጥበትም ይስባል። ባዶ መሬት ላይ የተቀመጠ ከረጢት ክረምቱ ሳያልቅ ተጋግሮ ድንጋይ ይሆናል። ከሥሩ እንጨት ደርድሩለት።

ኤንፒኤስ ግራጫ ነው። ከመቶው 19 ናይትሮጅን፣ 38 ፎስፌት፣ 7 ሰልፈር ነው። በፊት በእሱ ቦታ የነበረው ማዳበሪያ ዳፕ 18 ናይትሮጅን፣ 46 ፎስፌት ነበር፣ ሰልፈር የለውም። ለውጡ የመጣው በአገር አቀፍ የአፈር ጥናት ብዙ ቦታ ሰልፈር ጎድሎ በመገኘቱ ነው። ጎረቤታችን ጋሼ እስከ ዛሬ አላመኑም። «ዳፕ ይሻል ነበር፣ አፈሩ ለምዶታል» ይላሉ። እኔ በስንዴው ላይ ኤንፒኤሱን አልጠላሁትም። ሥሩ ጠንከር ይላል፣ አበቃቀሉም እኩል ነው። ቅሬታዬ ሌላ ነው። አፈሩ አሲዳማ ከሆነ ፎስፈረሱን ብረትና አሉሚኒየም አንቀው ይይዙታል። ያን ያህል ብር ከፍለህ ተክሉ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። ከኛ ከፍ ብሎ ያለው ደጋ ላይ ይሄ የየዓመቱ ችግር ነው። መፍትሔው ኖራ ነው። ኖራው ደግሞ ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ስለሚፈልግ ማጓጓዣው ሰውን ያስፈራዋል።

አሁን ወደ አገልግሎቱ። እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም።

አሠራሩ ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ፍላጎታችንን አስቀድሞ ይመዘግባል። ቁጥሩ ወደ ላይ እየተደመረ ይሄዳል። የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ከውጭ ይገዛል። መርከቡ ጅቡቲ ይደርሳል፣ በከባድ መኪናና በባቡር ወደ መሀል አገር ይገባል፣ ከዚያ የገበሬ ማኅበራቱ ዩኒየን፣ ከዩኒየኑ መሠረታዊ ማኅበሩ፣ ከማኅበሩ እኛ። አንዱ ጋ ሳምንት ከተያዘ ጣጣው መጨረሻ ላይ ያለው ገበሬ ላይ ነው የሚወድቀው።

አንድ ክረምት እኛ ጋ የሆነው ይሄ ነው። ገንዘባችንን ቀድመን ከፈልን። ኤንፒኤሱ ለዘር ደረሰ። ዩሪያው ግን የመጣው ስንዴው ዘለላ ሊያወጣ ሲል ነው። በዚያን ሰዓት ዩሪያ ብትሰጠው ፍሬ ብዙም አይጨምርም። መጋዘኑ «አልገባም» እያለን ገበያ ላይ በነጋዴ እጅ ከዋጋው በላይ ይሸጥ ነበር። ከየት መጣ ብዬ ስጠይቅ መልስ የሰጠኝ የለም። የማኅበሩ ሠራተኞች ትሑት ናቸው፣ ሚዛናቸውም ልክ ነው። ይሄን አልክድም። ነገር ግን ማዳበሪያ መድኃኒት ነው፣ ካለፈ በኋላ ቢመጣ ማን ይፈልገዋል?

ዋጋውም ከእጃችን ውጪ ነው። በ2014 ከዩክሬኑ ጦርነት ጋር በአንድ ጊዜ ከእጥፍ በላይ ዘለለ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ሲጀምር ዶላሩ ተወደደ። በዶላር የሚገዛ ዕቃ ላይ ይሄ ምን እንደሚያደርግ ለማንም ግልጽ ነው። መንግሥት ድጎማ ባይጨምርበት ኖሮ ብዙዎቻችን ከረጢቱን ባልነካነው ነበር።

ለዚህ ነው ሶማሌ ክልል፣ ጎዴ ላይ የሚሠራውን የዩሪያ ፋብሪካ ወሬ በጉጉት የምከታተለው። በነሐሴ 2017 የናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕና የመንግሥታችን የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ተፈራረሙ። 2.5 ቢሊዮን ዶላር፣ ድርሻው ከመቶ 60 ለዳንጎቴ፣ 40 ለእኛ። አቅሙ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ። መስከረም 2018 ላይ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። ጋዙ ከካሉብና ከሂላላ የጋዝ ጉድጓዶች በቧንቧ ይመጣል። የጎዴው ዩሪያ የሚሠራው ከጋዝ ነው። ከጋዙ ሃይድሮጅን ይወጣል፣ ከአየር ናይትሮጅን ይወሰዳል፣ ሁለቱ አሞኒያ ይሆናሉ፣ አሞኒያው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ዩሪያ ይሆናል። ዋናው ወጪ ጋዙ ነው፣ እሱ ደግሞ የራሳችን ነው። ከአርሲና ከባሌ ደጋ የሚነሳው ውኃ ዋቢ ሸበሌን ይዞ ጎዴን አልፎ ይሄዳል፣ አሁን ዩሪያው በተቃራኒው ሽቅብ ቢመጣልን ደስ ይለኛል።

ደስታዬ ግን ጥንቃቄ አለበት። ያዩ ላይ ከድንጋይ ከሰል ዩሪያ ሊመረት በ2004 ሥራው ለመንግሥቱ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ለሜቴክ ተሰጠ። ብዙ ቢሊዮን ብር ፈሰሰበት፣ አንድ ከረጢት ሳይወጣ ከሜቴክ ተነጠቀ። በኅዳር 2009 ከሞሮኮው የፎስፌት ኩባንያ ኦሲፒ ጋር ለድሬዳዋ ማዳበሪያ ፋብሪካ የተፈረመው ደግሞ 3.7 ቢሊዮን ዶላር የሚል ነበር። ከዚያም ማዳበሪያ አላየንም። ስለዚህ የጎዴውን በንግግር አልመዝነውም። ቧንቧው ተዘረጋ ወይ፣ ኃይል ደረሰ ወይ፣ መንገዱ ሰላም ነው ወይ፣ እሱን ነው የማየው።

ደግሞ ሁለት ነገር ተዘንግቷል ብዬ እፈራለሁ። አንደኛው፣ 3 ሚሊዮን ቶን ማለት 30 ሚሊዮን ኩንታል ነው። አገሪቱ በቅርብ ዓመታት የምታስገባው ዩሪያና ኤንፒኤስ ተደምሮ እንኳ ከዚህ ያንሳል። ስለዚህ ብዙው ዩሪያ ወደ ውጭ መሸጡ አይቀርም። የውጭ ገበያው ሲወደድ ለኢተያ ገበሬ ቅድሚያ የሚሰጠው ማነው? ውሉ ላይ ይህ በግልጽ ይጻፍልን። ሁለተኛው፣ ጎዴ ናይትሮጅን እንጂ ፎስፈረስ አይሰጥም። ኤንፒኤሱ እንደበፊቱ በመርከብ ነው የሚመጣው። ዳሎል ላይ ስንት ዓመት የሚወራለት ሌላ የማዳበሪያ ማዕድን፣ ፖታሽ አለ፣ እሱም ገና ከመሬት በታች ነው።

እስከዚያው ድረስ በትንሽ ገንዘብ የሚሠራ ነገር አለ። የኖራ ድንጋይ አገራችን ሞልቷል። ወፍጮው ለደጋው ቀረብ ብሎ ቢተከል፣ አሁን የምንገዛው ኤንፒኤስ ራሱ የበለጠ ይሠራልን ነበር። የጎዴው ፋብሪካ ከማለቁ በፊት የሚያልቅ ሥራ ነው።

በአጠቃላይ ዩሪያውን ለማንም እመክራለሁ፣ ኤንፒኤሱን ደግሞ አፈሩን ላስመረመረ ሰው። ስትረከቡ የከረጢቱን ስፌት እዩ። የተከፈተና እንደገና የተሰፋ ከሆነ ሳታስመዝኑ አትውሰዱ። አቅርቦቱን ግን በዚህ ዓመት ከመካከለኛ በላይ አልሰጠውም። ማኅበራችን ሰኔ ሳይገባ ዩሪያውን መጋዘን ካስገባ፣ ይህን ጽሑፍ አርሜ ነጥቡን ከፍ አደርግለታለሁ።