በአዲስ አበባ ጆይስቲክ ለማሠራት ለምትፈልጉ፦ አንድ ማስጠንቀቂያና አንድ ምስጋና

ከውጭ አገር ለዘመድ ልጅ የአርኬድ ጆይስቲክ (እንደ ጌም ቤት ማሽን ዘንግና ቁልፎች ያሉት የጨዋታ መቆጣጠሪያ) ይዛችሁ ለምትገቡ ወገኖቼ፣ እንዲሁም አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ ቴከንና ስትሪት ፋይተር የተባሉትን የድብድብ ጌሞች በቁም ነገር ለምትጫወቱ ሁሉ ይህን የምጽፈው አንድ ጥገና ቤት ባደረሰብኝ ነገር ከልቤ ስላዘንሁ፣ አንድ የሰፈር ጌም ቤት ደግሞ ባደረገልኝ ነገር ከልቤ ስለተደሰትሁ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በዚህ ክረምት ለዕረፍት ስመጣ ለእኅቴ ልጅ የያዝሁለት ጆይስቲክ፣ ሳንዋ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሚሠራው ጄኤልኤፍ የሚባለው ዘንግ የተገጠመለት ነበር። ዘንጉ ብቻውን አሜሪካ ውስጥ ወደ 30 ዶላር ገደማ ስለሚሸጥ ጉዳዩ ትንሽ የሚመስለው ሰው ሊኖር ይችላል፤ ዘንጉ ሲቀየር ግን ጨዋታው ራሱ እንደሚቀየር የሚያውቅ ያውቀዋል።

ለሁሉም ጨዋታ የሚሆን አንድ ጆይስቲክ የለም። ጄኤልኤፍ ለስላሳ ነው፤ ዘንጉን ወደ መሃል የምትመልሰው ሞላ ላላ ያለች ናት፤ ዘንጉን ከሥር የሚያግደው ጌት የሚባለው ፕላስቲክም አራት ማዕዘን ስለሆነ እጅ ሳይቸገር ማዕዘኑ ላይ ይደርሳል። በዚህ ምክንያት በስትሪት ፋይተር ከታች ወደ ፊት ተጠቅልለው ለሚወጡ ምቶች እኔ ከእሱ የሚሻል አላየሁም። ሌላው የጃፓን ኩባንያ ሴይሚትሱ የሚሠራው ኤልኤስ-32 ጠንከር ያለና በአጭር እንቅስቃሴ የሚነካ በመሆኑ፣ ትንሿን አውሮፕላን በጥይት መካከል እያሾለኩ ማሳለፍ ለሚጠይቁ ጨዋታዎች ይመረጣል። የኮሪያው ዘንግ ደግሞ ሞላ የለውም፤ መሃል የሚያደርገው ጎማ ነው፤ ስለዚህ ሲለቁት ወዲያው ቀጥ ይላል። ይህ ለቴከን ትልቅ ነገር ነው። ካዙያ የተባለውን የቴከን ተፋላሚ «ኤሌክትሪክ» የሚባል ምት ለማውጣት ዘንጉ ወደ ፊት ከተገፋ በኋላ የግድ መሃል ላይ መመለስ አለበት፤ ከዚያ ወደ ታች፣ ቀጥሎም በታችና በፊት መካከል ወዳለው ማዕዘን ይሄዳል፤ ማዕዘኑ ላይ በደረሰበት በዚያችው 1/60ኛ ሰከንድ ውስጥ የምቱ ቁልፍ መነካት ይኖርበታል። ለእግር ኳስ ከእነዚህ አንዱም አይሆንም፤ 8 አቅጣጫ ብቻ በሚያውቅ ዘንግ ተጫዋችን እንደ ልብ ማዞር ስለማይቻል በሁለት እጅ የሚያዘው ተራው ፓድ ይበልጣል።

ይህን በአእምሮዬ ይዤ ነበር የእኅቴን ልጆች ወደ አንድ የገበያ ሕንፃ መዝናኛ የወሰድኋቸው። ቦታው ንጹሕ ነው፤ ሠራተኞቹ ትሑታን ናቸው። ነገር ግን ካርድ ላይ ከሞላችሁት ብር የተረፈው አይመለስም፤ የጆይስቲኮቹ አያያዝም ከክፍያው ጋር አይመጣጠንም። በ1980 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው ፓክማን የተባለው ጨዋታ የተሠራው ለባለ 4 አቅጣጫ ዘንግ ሲሆን እዚያ ያለው ማሽን ላይ የተገጠመው ግን ባለ 8 አቅጣጫ ነው። ልጅቷ መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ዘንጉ ሁለት አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ይነካል፤ ፓክማን ግድግዳው ላይ ይቆማል፤ የሚያሳድደው መንፈስ ይደርስበታል። ልጆቹ ጥፋቱ የእነርሱ እየመሰላቸው ደጋግመው ካርድ ሲያስነኩ ማየት ያሳዝናል።

ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልመለስ። ያመጣሁት ጆይስቲክ ሻንጣ ውስጥ ተንገላቶ ኖሮ ቤት ደርሰን ስንሞክረው ወደ ታች አልነካም አለ። ዘንጉ ሲሳብ ትሰማ የነበረችው ቀጭ የምትል ድምፅ ነበረች፤ ምስሉ ግን አይንቀሳቀስም። ጄኤልኤፍ ውስጥ ያሉት ማይክሮስዊቾች (ዘንጉ ሲገፋ የሚነኩ ትንንሽ ማብሪያዎች) 4 ናቸው፤ ማዕዘኖቹ የሚገኙት ሁለቱ አብረው ሲነኩ ስለሆነ የታቹ ሲሞት ሦስት አቅጣጫ ይሞታል። ቦሌ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት ወሰድሁት። የተቀበለኝ ሰው ገና ሳይከፍተው «ከውጭ ነው የመጡት?» ብሎ ጠየቀኝ፤ አዎን ስለው ዋጋውን ከማሳወቁ በፊት ጥቂት አሰበ። «ነገ ከሰዓት ብቅ ይበሉ» አለኝ። በማግስቱ ስሄድ መብራት አልነበረም፤ ይህ የእርሱ ጥፋት አይደለም። ቀጥሎ ሠራተኛው ለቅሶ ሄዷል ተባልሁ፤ ለቅሶ በሄደ ሰው ላይም ቅሬታ የለኝም። ከዚያ በኋላ ግን ምክንያቱ በየቀኑ ተለዋወጠ፤ ቦርዱ ተቃጥሏል፣ ዕቃው ከመርካቶ እየመጣ ነው፣ ዕቃው መጥቷል ግን አልገጠመም እያለ የፈቃዴን ግማሽ ያህል አመላለሰኝ። ሜሪላንድ ውስጥ ዕቃ የሚቀበል ጠጋኝ ዋጋውንና የሚመለስበትን ቀን ጽፎ ይሰጣል፤ እዚህ ስልክ ቁጥሬን እንኳ የጻፉት በካርቶን ቁራጭ ላይ ነበር።

በመጨረሻ «ቦርድ ተቀይሮለታል» ተብዬ 4,500 ብር ከፈልሁ። ደረሰኝ ስጠይቅ ማሽኑ ተበላሽቷል አሉኝ። ቤት ወስጄ ስሞክረው ወደ ታች ይሠራል፤ እጄ ግን ወዲያው አወቀው። ዘንጉ ደንድኗል፤ ወደ ማዕዘን ሲሄድ ይንገጫገጫል፤ ልጁም ያለማመድሁትን ምት ማውጣት አቃተው። በካቻቢቴ የሥሩን ክዳን ፈታሁት። አራቱ ስዊቾች በአንድ ቦርድ ላይ ተበይደው በባለ 5 ሽቦ መሰኪያ ይገናኙበት የነበረው የሳንዋ ዘንግ የለም፤ በቦታው ለየብቻ የቆሙ አራት ስዊቾች ያሉት፣ ሽቦዎቹ በናስትሮ የተጠቀለሉ፣ ስም የሌለው ርካሽ ዘንግ ተገጥሟል። ዕቃዬን ወስደው ሌላ ገጥመውበት ነው ያስከፈሉኝ።

ተመልሼ ስጠይቅ ባለቤቱ «እርስዎ ያመጡት ይኸው ነው» አለኝ። ከመስጠቴ በፊት ውስጡን በስልኬ አንሥቼው ነበርና ፎቶውን ሳሳየው ድምፁ ተለወጠ። ከብዙ ክርክር በኋላ ዘንጌ ከጠረጴዛ ሥር ከነበረ ካርቶን ውስጥ ወጣ፤ ቦርዱ አልተቃጠለም፤ ከገንዘቡም ግማሹን መለሱልኝ። እኅቴ «የአገርህ ሰው ነው፣ ተወው» ብትለኝም ይበልጥ ያመመኝ ይኸው የአገሬ ሰው መሆኑ ነው። ዓመት ሙሉ አገሬን እየናፈቅሁ ከርሜ መጥቼ እንደ ባዕድ ስታለል ዝም ማለት አልቻልሁም።

የእኅቴ ልጅ ሽሮ ሜዳ ወዳለች አንዲት ጌም ቤት የወሰደኝ ከዚህ በኋላ ነው። ከቆርቆሮ የተሠራች ጠባብ ቤት ናት፤ የሚሠራባት ወጣት ፓድ እየፈታ እየገጠመ በራሱ የተማረ ነው። ዘንጉን ተቀብሎ ቦርዱን ወደ ብርሃን አዘነበለው፤ የታቹን ስዊች በጥፍሩ ገፋ ሲያደርገው እግሯ ከብየዳው ላይ ስትንቀሳቀስ አሳየኝ። ስንጥቁ ፀጉር ያህል ነው። «ጋሼ፣ ስዊቹ ደኅና ነው፤ ብየዳው ነው የለቀቀው» አለኝና መበየጃውን አሞቀ። ሻይ አዝዤ ሳልጨርስ ሥራው አለቀ። 200 ብር ጠየቀ፤ ልጨምርለት ብል አልቀበልም አለ።

የበለጠ የደነቀኝ ልጁን «ምንድን ነው የምትጫወተው?» ብሎ መጠየቁ ነው። ቴከን ሲለው ጄኤልኤፍ እንደሚያለማምደው፣ በኋላ ግን የኮሪያውን ቢሞክር መሃል ላይ ቶሎ እንደሚመለስለት ነገረው። ስለ መዝናኛው ፓክማን ስነግረው ደግሞ የእኛን ጌት ፈትቶ 45 ዲግሪ አዞረውና ዘንጉ 4 አቅጣጫ ብቻ ሲሆን በእጃችን አስሞከረን፤ ከዚያ ወደ ቦታው መለሰው። ያን ሁሉ ካርድ የሚያስነካው መዝናኛ ይህን የመሰለ ሰው ቢቀጥር ኖሮ የልጆቹ ገንዘብ በከንቱ ባልፈሰሰ ነበር።

ስለዚህ ጆይስቲክ ለጥገና የምትሰጡ ሰዎች ክዳኑን ራሳችሁ ፍቱትና ዘንጉንና ቦርዱን ፎቶ አንሡ፤ ዋጋውን ሳይከፈት አትስማሙ፤ ተቀየረ የተባለውን አሮጌ ዕቃም ጠይቃችሁ ውሰዱ። ይዛችሁ ስትመጡ ከዘንጉ አናት ላይ ያለችውን ኳስ ፈትታችሁ ለብቻ ጠቅልሏት፤ ሻንጣው ሲወድቅ በዘንጉ በኩል ወደ ቦርዱ የሚደርሰው ጫና ይቀንሳል። እኔም ለዚያ ወጣት የሳንዋ ማይክሮስዊች መለዋወጫና ሁለት የኮሪያ ዘንግ ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ከዋሽንግተን አካባቢ ወደ አዲስ አበባ የምትሄዱና በሻንጣችሁ ጥቂት ቦታ ያላችሁ ብትኖሩ እባካችሁ አሳውቁኝ፤ ክብደቱ ከ1 ኪሎ አይበልጥም።