መንዝ መሀል ሜዳ ከተማ ዙሪያ ልጅ የምታስተምሩ፣ ይሄን ልማት ሰራተኛ ፈልጉት

ሰላም የመንዝ ልጆች። እኔ ብዙም አልፖስትም፣ ዛሬ ግን ሰው ማመስገን አለብኝ። መሀል ሜዳ አካባቢ የሚሰራ አንድ ልማት ሰራተኛ አለ፣ ስሜን እንዳትጠራ ስላለኝ አልጠራውም፣ የሃይስኩል ልጆች ሰብስቦ ጓሳ (ህዝቡ የሚያስጠብቀው የመንዝ የሳር መሬት) የሚወስደው ሰውዬ ካላችሁ ግን የማያውቀው የለም። ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ!!

ታናሽ እህቴ የገጠር ልጅ ናት፣ ከተማ ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው፣ ቅዳሜ ስንቅ ለማምጣት በእግሯ ወደ ቤት ትሄዳለች። እዛ የመጣው ፕሮግራም ሁሉ ደግሞ ቅዳሜ ነው፣ ስለዚህ የሚሳተፉት የከተማ ልጆች ብቻ ናቸው። አንዴ ባነር ይዘው የመጡ ነበሩ፣ ኮፍያ አደሉ፣ ችግኝ ተከሉ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ሄዱ። ችግኙን ማን ውሃ እንደሚያጠጣው የጠየቀ የለም። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ስላለሁ ክረምት ላይ አምጥቻት የትምህርት ምርጫ እናማክራለን የሚል ቦታ ከፍዬ ወሰድኳት፣ ሰውየው ከየት እንደመጣች ሲሰማ ፊቱ ተቀየረ፣ ግብርና ደስ ይለኛል ስትለው ሳቀና «ታዲያ የምትማሪው ከማረሻ ለመውጣት ነው ወይስ ለመመለስ?» አላት። ልጅቷ ከዛ በኋላ ስለ ትምህርት ማውራት ተወች፣ እኔም ብሬን ሳይሆን ያቺን ሳቅ ነው እስከዛሬ የማልረሳው።

ይሄ ልማት ሰራተኛ ግን ፕሮግራሙን አርብ ከሰአት አደረገው፣ ለምን ሲሉት «ቅዳሜ ስንቅ አለ» አለ በቃ። አንድ ቀን ገበሬዎችና የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ባለሙያዎች አውራ በግ የሚመርጡበት ቦታ ወሰዳቸው፣ ከነዚህ ለዘር የቱን ታስቀራላችሁ ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ትልቁን አሳዩ። የኔ እህት ግን «እናቱን ሳላይ አልመርጥም» አለች። ሰውየው ዝም አላለም፣ ደብተሩን አወጣና «እስቲ ድገሚልኝ» ብሎ ጻፈው፣ ከዛ ባለሙያውን ጠርቶ «ይቺን ልጅ ስማት» አለው። ባለሙያው ስለ ቁጥርና ስለ መዝገብ ብዙ ነገር አስረዳት፣ ለኔም በስልክ ነግራኛለች፣ እውነት ለመናገር አልገባኝም። የገባኝ ከልጅነቷ ጀምሮ በግ ስትጠብቅ ያወቀችውን ነገር አንድ የተማረ ሰው በደብተሩ ጻፈላት፣ ይሄ ደመወዝ ያለው ስራ ነው አላት። ስትነግረኝ ድምጿ ሌላ ነበር።

ጓሳም ወጥተው ጠባቂዎቹን አናግረዋል። አያታችን ስለ ቄሮ (የፖለቲካውን አይደለም፣ የጓሳውን) ሲያወሩ ነው ያደግነው፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሳሩ ለአመታት ተዘግቶ ይቆይና አባ ቄራው (የቄሮው ኃላፊ) ሲፈቅድ ነበር የሚታጨደው፣ በ1967 የመሬት አዋጅ ቀረ፣ በኋላ ህዝቡ ራሱ መልሶ ማስጠበቅ ጀመረ። እኛ የሽማግሌ ወሬ ነው የሚመስለን፣ እሱ ግን ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ብሎ የሚያስተምረው ይሄንን ነው አላቸው። እረኛ በድንጋይ የሚያባርረው ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም እንደሌለ፣ ጎልማሶቹ 500 እንደማይሞሉ፣ አብዛኛው ምግቡ አይጥና ፍልፈል እንደሆነም ነግሯቸዋል። አሁን አባዬን ሳይቀር ቀበሮ አትምታ እያለች ታስቸግረዋለች ሃሃ።

እህቴ አሁን የእንስሳት ሳይንስ ነው የምትለው። ይሳካ አይሳካ ፈተናው ያውቃል፣ ግን ማውራት ጀምራለች።

እባካችሁ እዛ አካባቢ ልጅ ያላችሁ ላኩ፣ ሴት ልጆችም ላኩ፣ አይከፈልም፣ ትምህርት ቤት ጠይቁ ያገናኟችኋል። በጣም ጎበዝ፣ በጣም ትሁት ሰው ነው፣ ደግሜ እላለሁ ላኩ። መኪናውን ሰው ለምኖ ነው የሚያገኘው፣ ያላቸው ባይኖኩላር አንድ ነው እሱንም ተራ ይዘው ነው የሚያዩበት፣ ውጪ ያላችሁ የመንዝ ልጆች ያገለገለም ቢሆን መላክ የምትችሉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ እኔ አደርሳለሁ።