ኖትጌልድ ልትገዙ ነው? ያማረውን ትታችሁ ያረጀውን ያዙ

ጀርመን ያላችሁ ወዳጆቼ የእሁድ ገበያ ላይ ኖትጌልድ፣ ማለትም የድሮውን የጀርመን የችግር ጊዜ የወረቀት ገንዘብ፣ ባያችሁ ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ «ስንት ያወጣል? ልግዛው?» ትሉኛላችሁ። ለየአንዳንዳችሁ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

1914 ላይ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ሰዉ ሳንቲሙን ደበቀ፣ በኋላ ደግሞ ኒኬሉና መዳቡ ለጦር መሣሪያ ተፈለገ። ባለሱቁ መልስ አጣ። ከተሞች፣ የቁጠባ ባንኮች፣ ፋብሪካዎች ሳይቀሩ የየራሳቸውን 10 እና 50 ፕፌኒሽ (የጀርመን ሳንቲም) ወረቀት አተሙ። አንዱ ምርጫ ይሄ ነው፤ የደበዘዘ፣ የታጠፈ፣ የብዙ ሰው እጅ ያለፈበት።

ሌላው ከ1920 እስከ 1922 የወጣው ባለቀለሙ ነው። ከጀርመን ተረቶች የሃመልን ዋሽንት ነፊና አይጦቹ፣ የብሬመን እንስሳት፣ ምን የሌለ አለ። ያምራል፣ አልክድም። ግን አብዛኛው የታተመው ለሰብሳቢ አልበም ነው። ሰብሳቢው ወስዶ ካስቀመጠው ከተማዋ መልሳ አትከፍልም፣ ትርፍ በትርፍ። ዳቦ ያልተገዛበት ገንዘብ ለኔ ፖስትካርድ ነው።

ዋጋ። ባለቀለሙ ተራ ከሆነ አንዱ ከ1 እስከ 2 ዩሮ ነው። ስድስቱን ፍሬም ውስጥ አድርጎ 40 ዩሮ የሚላችሁን ሰው ሰላም ብላችሁ እለፉት፤ ፍሬሙን ነው የሚሸጥላችሁ፣ ያውም ወረቀቱ ከኋላ በሙጫ ተለጥፎ ሊሆን ይችላል። ያረጀው የ1917 እና 1918ቱም ከተለመደ ከተማ ከሆነ ከጥቂት ዩሮ አያልፍም። የሚወደደው በ1914 ጦርነቱ እንደጀመረ እንደ አልሳስና ምሥራቅ ፕሩሲያ ባሉ የድንበር አካባቢዎች የወጣው፣ በእጅ የተፈረመው ነው።

ቅጂ የሚበዛውም እዚያው ላይ ነው። አንድ ወዳጄ እንዲህ ያለውን 60 ዩሮ ከፍሎ ይዞልኝ መጣ። በአጉሊ መነጽር ሳየው ፊርማው የብዕር ቀለም ሳይሆን በማተሚያ የወጣ የነጠብጣብ ክምር ነው። የገንዘብ ኖት መፈተሻ (አልትራቫዮሌት) ባትሪ ሳበራበት ወረቀቱ ሰማያዊ ሆኖ ቦግ አለ፤ የዚያን ዘመን ወረቀት እንዲህ አያበራም። ባትሪው ጥቂት ዩሮ ነው፣ ውድ ነገር ከመግዛታችሁ በፊት እሱን ግዙ።

በስኮች የተጠገነ በነጻም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ፤ ቢጫው አይለቅም፣ ስኮቹን ስትልጡት ጽሑፉን ይዞ ይነሳል። ታጥቦ በካውያ የተተኮሰም አለ። እጥፋቱ ጠፍቶ ጠርዙ ግን ካረጀ ጠርጥሩ። የተበሳውንና «ተሰርዟል» የሚል ማህተም ያለበትን ግን አትፍሩ፤ ብዙ ጊዜ ከተማዋ ተቀብላ ከፍላበት ነው የሰረዘችው፣ ዋጋውም ይቀንሳል። እኔ እንዲያውም እሱን እመርጣለሁ።

የ1923ቱ ባለ ሚሊዮንና ባለ ቢሊዮን የዋጋ ንረት ጣጣ ነው፣ ለብቻው ይታያል። ማስቀመጫ ስትገዙ ደግሞ ያንን የሚሸት ለስላሳ ፕላስቲክ ተዉት፣ ቀለሙን ይበላዋል። ፖሊስተር በሉት ለሻጩ።