ናንዲግራም ወይስ ባባኒፑር? የማማታ ባነርጂ ሁለት ወንበሮች

ሁለቱም የህንዷ ምዕራብ ቤንጋል ግዛት የምርጫ ክልሎች ናቸው። ማማታ ደግሞ በ2011 የግዛቷ ዋና ሚኒስትር የሆኑ ፖለቲከኛ ናቸው። (ዓመታቱ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ባባኒፑር ኮልካታ መሀል ነው፤ የማማታ ሰፈር። በ2011 በማሟያ ምርጫ ገቡ፣ በ2016 ደገሙት። ከዚያ ውጪ ብዙም ወሬ የለውም።

ለእኔ የሚስበው ናንዲግራም ነው። ገጠር ነው፣ ታሪኩም ደም አለበት። በ2007 መሬቱ ለኬሚካል ፋብሪካ ሊሰጥ ነው ሲባል ገበሬው እምቢ አለ። ፖሊስ ተኩሶ 14 ሰው ገደለ። ቤንጋልን ለ34 ዓመት የገዙት ግራ ዘመሞች በ2011 ሲወድቁ ይሄ ጣጣ ትልቅ ድርሻ ነበረው። በ2016 ሱቬንዱ አዲካሪ በማማታ ፓርቲ ስም ከ80 ሺህ በላይ በሆነ የድምፅ ልዩነት አሸነፉ። በ2020 መጨረሻ ግን ወደ ተቀናቃኙ ፓርቲ ቢጄፒ ከዱ።

ማማታ እልህ ያዛቸው። የሞቀ ወንበራቸውን ትተው በ2021 እዚያው ናንዲግራም ገጠሟቸው። እግራቸው ተጎድቶ በዊልቼር ነበር የቀሰቀሱት። በ1,956 ድምፅ ተሸነፉ! የሚገርመው፣ ፓርቲያቸው ግዛቱን ጠራርጎ ወሰደ።

የምክር ቤት ወንበር የሌለው ዋና ሚኒስትር ከስድስት ወር በላይ መቆየት አይችልም። ስለዚህ የባባኒፑሩ ተመራጭ ለቀቁላቸው። ማማታም በማሟያ ምርጫው ከ58 ሺህ በላይ በሆነ ልዩነት ተመለሱ።