«ተነክሮ እንደ አዲስ ሆኗል» ለሚባለው የጎማ ቡሎን ገንዘባችሁን አታውጡ

ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከመርሳ ወልድያ የምትመላለሱ የአይሱዙና የሲኖትራክ ባለንብረቶች፣ ሾፌሮችና ረዳቶች፣ ይህን ሳታነቡ የጎማ ቡሎን አትግዙ። በአዲሱ ግማሽ ዋጋ የሚቀርብላችሁ፣ እንደ ብር የሚያበራ ወይም ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ «ተነክሮ እንደ አዲስ ሆኗል» የሚባልለት ቡሎን አዲስ አይደለም። ከአሮጌ ጎማ ተፈትቶ፣ ዝገቱ በአሲድ ታጥቦ፣ ዚንክ የለበሰ ነው። ጉዳቱ አሮጌነቱ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል አንጮህም ነበር። አሲዱ ብረቱ ውስጥ ጥሎት የሚሄደው ነገር አለ። ቡሎኑን የሚሰብረው እሱ ነው፤ ያውም ሲጠብቅ ሳይሆን ከጠበቀ በኋላ፣ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን።

ብረት አሲድ ውስጥ ሲገባ የሚንተከተከው አረፋ ሃይድሮጅን ነው። ሁሉም ግን አረፋ ሆኖ አይወጣም። ከፊሉ ገና ነጠላ አተም እያለ ወደ ብረቱ ይሰርጋል፤ ከአተሞች ሁሉ ትንሹ ስለሆነ የሚከለክለው የለም። ዚንኩ በኤሌክትሪክ ሲለበጥ ደግሞ ተጨማሪ ሃይድሮጅን ይገባል፤ ልባጡም ላዩን ከድኖ መውጫ ያሳጣዋል። ቡሎኑ ጎማ ላይ ታስሮ ሲወጠር ሃይድሮጅኑ ውጥረቱ ወደሚበረታበት፣ ወደ ጥርሱ ስርና ወደ ጭንቅላቱ አንገት ይሰበሰባል። እዚያ የብረቱን ቅንጣቶች ያያዘውን ኃይል ያዳክማል። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ትነሳና ቀስ እያለች ወደ ውስጥ ትገባለች፤ የተረፈው ጤነኛ ብረት ሸክሙ ሲከብደው ቡሎኑ ሳይሳሳብና ሳይጣመም ድንገት ይቆረጣል። ስለዚህ ሻጩ ፊታችሁ በኪያቬ አጥብቆ «ይኸው፣ ምን ሆነ?» ቢላችሁ ያረጋገጠላችሁ ነገር የለም። የሚቆረጠው የሐረጎን ቁልቁለት ጭነት ይዛችሁ ስትወርዱ ነው። አንዱ ሲቆረጥ የሱን ሸክም ጎረቤቶቹ ይካፈላሉ፤ 6 ቡሎን ብቻ ባለው የአይሱዙ ኤንፒአር ጎማ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም።

እውነቱን ለመናገር ሁሉም ቡሎን እኩል አይጎዳም። የታተመበትን የጥንካሬ ቁጥር (ግሬዱን) እዩ። 8.8 ማለት ለመበጠስ በካሬ ሚሊሜትር 800 ኒውተን ያህል ይፈልጋል ማለት ነው፤ 10.9 ደግሞ 1000፣ 12.9 1200። ብረቱ በጠነከረ ቁጥር ለሃይድሮጅን ይበልጥ ይሸነፋል። የአደጋው ወሰን በጥንካሬ መለኪያ 39 ሮክዌል ሲ አካባቢ ነው፤ 12.9 ከ39 እስከ 44 ስለሆነ መላው አደጋ ቀጠና ውስጥ ነው። 8.8 አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። አብዛኛው የጎማ ቡሎን የሆነው 10.9 ከ32 እስከ 39 ነው፤ ከጥሩ ፋብሪካ በአዲስነቱ ሲወጣ አያሰጋም። ግን ዓመታት የተወጠረ፣ ዝገት የቦረቦረው፣ በምን ያህል ጥንካሬ እንደተሠራ የማይታወቅ 10.9 በባትሪ አሲድ ሲዘፈዘፍ ማንም ዋስ ሊሆነው አይችልም።

ልባጥ በራሱ ክፉ አይደለም። ደህና ፋብሪካ ጠንካራ ቡሎን ሲለብጥ፣ ከመለበጫው ገንዳ በወጣ በ4 ሰዓት ውስጥ ምድጃ ያስገባዋል፤ ከ190 እስከ 220 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ቢያንስ 4 ሰዓት፣ ጠንካራውን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ያቆየዋል። ሃይድሮጅኑ በሙቀቱ ይወጣል ወይም ጉዳት ወደማያደርስበት ቦታ ይሸሻል። እንግዲህ ሻጩን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ «በስንት ዲግሪ ስንት ሰዓት ቆየ?» መልስ ከሌለው ጥላችሁት ሂዱ። ከሰል ላይ ወይም በብየዳ እሳት ላሙቀው የሚል ካለም አትስሙት፤ የጋለ ቡሎን ጥንካሬውን ያጣል፣ አንዴ የተሰነጠቀ ደግሞ በሙቀት አይሽርም።

ይህ የመንደር ወሬ እንዳይመስላችሁ። በ2013 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮና በኦክላንድ መካከል በተሠራው አዲስ ድልድይ ላይ ዚንክ ከለበሱ 96 ትላልቅ የብረት ዘንጎች 32ቱ ተወጥረው በቀናት ውስጥ ተሰብረዋል፤ ምክንያቱም ይኸው ሃይድሮጅን ነበር። መሐንዲስና ተቆጣጣሪ በሞላበት ሥራ የደረሰ፣ ጓሮ ውስጥ በበርሜል በሚነከር ቡሎን ላይ አይደርስም ማለት አይቻልም።

እንዴት ትለዩታላችሁ? የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ ጥርሱን ከጎን እዩት። አዲስ ጥርስ ጠርዙ ስል ነው፤ አሲድ የበላው ጠርዙ ዱልዱም ይሆናል፣ ከማብረቅረቁ ሥር ደግሞ የፈንጣጣ ጠባሳ የሚመስሉ ጉድጓዶች ይታያሉ። የግሬዱ ቁጥርና የአምራቹ ምልክት ሁለቱም ጥርት ብለው መነበብ አለባቸው። ከዚያ አዲስ ዳዶ በጣታችሁ ብቻ እስከ መጨረሻው አዙሩት፤ መሃል ላይ ከያዘ ቡሎኑ ተስቧል። ካሊፐር ያለው ጎሚስታ ካገኛችሁ ደግሞ ከአንዱ ጥርስ ጫፍ እስከ 11ኛው ጥርስ ጫፍ አስለኩት። 22 በ1.5 የሆነው (ውፍረቱ 22፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.5 ሚሊሜትር) የከባድ መኪና ቡሎን ልክ 15 ሚሊሜትር መምጣት አለበት፤ ከበለጠ ያው የተሳበ ነው።

ብዙ ለመግዛት ያሰበ ከአንዱ ካርቶን ጥቂት ፍሬ ወስዶ ይፈትን። ወፍራም ላሜራ ውስጥ አስገብታችሁ፣ ጠንካራ ራንዴላ አድርጋችሁ፣ መኪናው በሚፈልገው ጥብቀት እሰሩትና 48 ሰዓት ተዉት። ጆንያ ሸፍኑበት፣ ልጆችም አይቅረቡት፤ ጭንቅላቱ ሲቆረጥ ተፈናጥሮ ዓይን ያጠፋል። ከተፈተነው አንዱ እንኳ ከተቆረጠ ካርቶኑን ሙሉ መልሱ። ቢያልፍም ሌሎቹ ንጹህ ናቸው ማለት አይደለም፤ ገንዳ ውስጥ የቆዩበት ጊዜ ይለያያል።

የተሰበረውም ይናገራል። በጉልበት የተበጠሰ ቡሎን መጀመሪያ ይቀጥናል፣ ስብራቱም ደብዛዛ ግራጫ ነው። ሃይድሮጅን የሰበረው አይቀጥንም፤ ፊቱ ባቲ ገበያ ላይ እንደሚሰበር አሞሌ ጨው ፍርክስክስ ያለና የሚያብለጨልጭ ይሆናል።

ለስላሳ ብረት ላይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በአሲድ ታጥቦ ለውሃ ወይም ለነዳጅ ታንከር የሚሸጥ አሮጌ ላሜራ ላይ፣ ሃይድሮጅኑ ብረቱ ውስጥ ባሉ ቆሻሻዎች ዙሪያ ተጠራቅሞ ጋዝ ይሆንና፣ እሳት እንደነካው ቆዳ ውሃ የቋጠረ ያስመስለዋል። እጃችሁን አሳልፉበት፤ እብጠት ከዳሰሳችሁ ውስጡ ለሁለት ተከፍሏልና ብየዳ አይዝም። ባሌስትራ ደግሞ ጨርሶ አሲድ አይነካም፣ ተበይዶም አይነዳበትም፤ በክረምት እርጥበት የጠጣ ኤሌክትሮድ ያንኑ ሃይድሮጅን በብየዳው በኩል ያስገባል።

ገዝታችሁ ያሰራችሁ ካላችሁ እንደገና ማጥበቅ መፍትሔ አይደለም። የዚያን ጎማ ቡሎን በሙሉ ቀይሩ፤ 10.9 የተጻፈበት፣ ጥቁር ሆኖ ዘይት የተቀባ አዲስ ይሁን። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳችሁ በኋላ ጥብቀቱን ፈትሹ። በራሳችሁ ቡሎን ላይ ያለውን ዝገትም በሽቦ ብሩሽና በናፍጣ እንጂ በአሲድ አታንሱ።

ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትክፈሉ፤ «የጎማ ቡሎን፣ አዲስ፣ 10.9» ተብሎ ይጻፍበት። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ መልሶ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ቡሎን ከተቆረጠባችሁ ቁራጩን አትጣሉ። ሁለቱን የስብራት ፊቶች አታጋጥሙ፣ በጨርቅም አትጥረጓቸው፤ ማስረጃው ያ የሚያብለጨልጨው ፊት ነው። ለየብቻ በደረቅ ላስቲክ ጠቅልላችሁ ከደረሰኙ ጋር አስቀምጡ።