የ16 ሚሊሜትር የፊልም ጥቅል ወይስ ዲጂታል ቅጂ?

ድሬዳዋ ተቀምጦ ብርቅ የሙከራ አጫጭር ፊልሞችን ለሚሰበስብ ሰው ምርጫው ሁለት ነው።

የእኔ ልብ ወደ ጥቅሉ ያደላል። ከእነዚህ ፊልሞች አንዳንዶቹ ያለ ካሜራ የተሠሩ ናቸው፤ ሠሪው ፊልሙ ላይ በቀጥታ ቀለም ቀብቷል ወይም በመርፌ ጭሯል። ጥቅሉን ወደ መስኮት ብርሃን ከፍ አድርገህ ስታይ እያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው ትንሽ ሥዕል ነው። 400 ጫማ ጥቅል በሰከንድ 24 ፍሬም ሲሄድ 11 ደቂቃ ያህል ብቻ ይቆያል፤ ለዚያች 11 ደቂቃ የሚሠራ ፕሮጀክተርና ጨለማ ክፍል መፈለግ ግን ለእኔ ደስታ እንጂ ድካም አይደለም።

ጠላቱ ሙቀት ነው። አሲቴት ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ፊልም በሙቀትና በእርጥበት ሲበላሽ አቼቶ አቼቶ ይሸታል፣ ይኮማተራል፣ አጠገቡ ያለውንም ጥቅል ያበላሻል። የድሬዳዋ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ማስቀመጥ እሱን መግደል ነው። ከፍታ ላይ ያለችው ሐረር ቀዝቀዝ ስለምትል እዚያ ዘመድ ያለው ሰው ታድሏል።

ዲጂታሉ ርካሽ ነው፣ ለጓደኛም በፍላሽ ይሰጣል። ሃርድ ዲስክ ስለሚሞት ሁለት ቦታ መቅዳት ያስፈልጋል። ፊልሙን ለማጥናት ይበቃል፤ በእጅ የመያዙን ነገር ግን አይተካም።

ገንዘቤ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ጥቅሉን እገዛለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ሐረር ላይ ቀዝቃዛ ክፍል አፈላልጋለሁ።