ከመቶኛ ልደት ጋር የሚመጣ ደብዳቤ፦ አየርላንድ በሰው አገር ላረጁ ልጆቿ የምትሰጠው አገልግሎት

ከቧንቧ ውሃ እስከ ሰኞ ገበያ ባሉት የደሴ ሰፈሮች ልጅ ወይም የቅርብ ዘመድ በውጭ አገር የሌለው ቤተሰብ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። አብዛኞቹ በጅዳ፣ በሪያድና በቤሩት በሰው ቤት ሲሠሩ፣ ጥቂቶቹ ደግሞ በአውሮፓ አረጋውያንን እየተንከባከቡ ይኖራሉ። ከእነዚህ ከጥቂቶቹ አንዷ እህቴ ናት። በእንግሊዝ አገር በምትሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ የነበሩ አንድ አይሪሽ አዛውንት መቶ ዓመት ሲሞላቸው፣ የትውልድ አገራቸው መንግሥት የሚሰጠውን ስጦታ ለማግኘት የተደረገውን ሁሉ ከልጆቻቸው ጋር ሆና ተከታትላለች። የዛሬው ግምገማዬ ይህንኑ አገልግሎት የሚመለከት ሲሆን፣ እሷ ለበዓል መጥታ ቡና እየተፈላ ያጫወተችኝን ከደንቡ ጋር እያስተያየሁ አቀርበዋለሁ። የአየርላንድ ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

አገልግሎቱ ራሱ ቀላል ነው። አንድ ሰው መቶ ዓመት ሲሞላው የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የፈረሙበት የእንኳን ደስ አለዎት ደብዳቤና 2,540 ዩሮ ይሰጠዋል። ከ101ኛው ልደቱ ጀምሮ ደግሞ በየዓመቱ ደብዳቤ ከመታሰቢያ ሜዳሊያ ጋር ይደርሰዋል። በአየርላንድ ውስጥ የሚኖር ሰው ዜግነቱ ምንም ይሁን ምን ይህን ያገኛል፤ ከ2006 ጀምሮ ግን በአየርላንድ ደሴት ላይ ተወልደው በሌላ አገር የሚኖሩ አይሪሾችም ተጨምረዋል። እንግሊዝም ለራሷ መቶ ዓመት ለሞላቸው ነዋሪዎች ከንጉሡ ዘንድ ካርድ ትልካለች፤ ካርዱ ግን ካርድ ብቻ ነው፣ ገንዘብ አብሮት አይመጣም።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሳበኝ ገንዘቡ ሳይሆን ስጦታው ምንም ዓይነት ስኬት አለመጠየቁ ነው። አየርላንድ በውጭ ለሚኖሩ ልጆቿ ከ2012 ጀምሮ የምትሰጠው ሌላ የፕሬዚዳንት ሽልማት አለ፤ እርሱ በንግድ፣ በሳይንስ፣ በኪነ ጥበብ ወይም በበጎ አድራጎት ስማቸውን ላስጠሩ ሰዎች የታሰበ ነው። እንዲህ ያለውን ሽልማት የትኛውም መንግሥት ሊያቋቁመው ይችላል፤ ከበሬታውን የሚቀበለው ሰው ለሰጪውም ክብር ይጨምርለታልና። የመቶ ዓመቱ ስጦታ ግን መንገድ ሲቆፍር፣ ጡብ ሲሸከም ወይም በሆስፒታል አዳር ሲሠራ ዕድሜውን የጨረሰውን፣ ማንም በስም የማያውቀውን ሰው ከባለጸጋው እኩል ያስቀምጠዋል። የተወለደበትንና የኖረበትን ዘመን ብቻ ይጠይቀዋል።

የዚህን ክብደት ለመረዳት እነዚህ ሰዎች ከአገራቸው እንዴት እንደወጡ ማወቅ ይጠቅማል። በ1950ዎቹ አሥር ዓመታት ውስጥ ከዚያች ትንሽ አገር ወደ 400,000 የሚጠጋ ሕዝብ ተሰድዷል፤ አብዛኛውም ወደ እንግሊዝ ነበር የሄደው። ወንዶቹ በግንባታ ሥራ፣ ሴቶቹ በነርስነትና በቤት ሠራተኛነት እየሠሩ ለቤተሰባቸው ገንዘብ ይልኩ ነበር። ከግንበኞቹ ብዙዎቹ ደመወዛቸውን በእጅ፣ ያለ መዝገብና ያለ መድን ክፍያ ይቀበሉ ስለነበር፣ ሲያረጁ የጡረታ አበላቸው ጎዶሎ ሆኖ ቀርቷል። ይህን ለወሎ ሰው ማብራራት አያስፈልግም። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከተመለሱት ከ160,000 በላይ ወገኖች መካከል ዓመታት የሠሩበትን የሚያሳይ አንድም ወረቀት ሳይዙ ደሴና ኮምቦልቻ የገቡትን እናውቃቸዋለን።

በእኛ በኩል በውጭ ለሚኖር ወገን የሚሰጠው ዋናው መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተደነገገው ነው፤ ሕዝቡ ቢጫ ካርድ ይለዋል። ጠቃሚ ሰነድ መሆኑ አይካድም፤ የተዘጋጀው ግን የሌላ አገር ዜግነት ለያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ነው። ጅዳ ላይ ሠላሳ ዓመት የኖረች የቦሩ ሜዳ ሴት የሳዑዲ ዜግነት የማግኘት ዕድሏ እጅግ ጠባብ ስለሆነና ኢትዮጵያዊት ሆና ስለምትቀር፣ ካርዱም እሷን አይመለከታትም።

የአየርላንዱ አገልግሎት የሚቆመው በመዝገብ ላይ ነው። ማመልከቻው ዋና ማስረጃ አድርጎ የሚጠይቀው የልደት ምስክር ወረቀት ሲሆን፣ በዚያ አገር የልደት ምዝገባ ግዴታ የሆነው ከ1864 ጀምሮ ስለሆነ፣ የመቶ ዓመቱ ሰው ስም ከነቀኑና ከነመንደሩ ይገኛል። እህቴ ወረቀቱን ስትገልጽልኝ ያደነቀችው የአባትየው ሥራ ጭምር መጻፉን ነበር፤ አዛውንቱም የአባታቸውን ስም ሲያዩ ጣታቸውን በላዩ ላይ አስኪደው ሲያበቁ፣ የእጅ ጽሑፉ የማን እንደሆነ ጠይቀዋታል። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። አያቴ ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ፣ በኅዳር 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ እናታቸው አዝላቸው እንደሸሸች ከመናገር በቀር ሌላ ማስረጃ አልነበራቸውም። ማስረጃው ለቤተሰባችን በቂ ነው፤ ለየትኛውም መሥሪያ ቤት ግን አይበቃም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ስጦታ በእኛ ዘንድ ነገ ይጀመር ቢባል መጀመሪያ የሚቸግረው ገንዘቡ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልምጣ። የመጀመሪያው ግልጽ ነው፤ ስጦታው የሚደርሰው መቶ ዓመት ለደረሰ ሰው ብቻ ነው። በቀዝቃዛ ዋሻና በአቧራ ውስጥ የሠራ የጉልበት ሠራተኛ እዚያ ዕድሜ ላይ የመድረስ ዕድሉ የጠበበ መሆኑ አይጠፋንም። ይህ ስጦታ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ከአምስት ኮከብ ሁለት እሰጠው ነበር። አራት ያደረግሁት የአገሪቱ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከ2004 ጀምሮ የስደተኞች ድጋፍ መርሐ ግብር ስለሚያካሂድ ነው፤ ከዚያ የሚወጣው ገንዘብ በውጭ ለሚገኙ የአይሪሽ ማኅበራት ይሰጣል፣ ማኅበራቱም ብቸኛ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ ይጠይቃሉ፣ አብረው ምሳ የሚበሉበትን ቦታ ያዘጋጃሉ፣ ለሚገባቸው ድጎማ ያመለክቱላቸዋል። ሜዳሊያው ለፎቶግራፍ ያምራል፤ ሰውየውን ለሜዳሊያው የሚያበቃው ግን ይህ ሌላው ሥራ ነው። ለእኔ ሁለቱ አንድ አገልግሎት ናቸው።

ሁለተኛው ጉድለት በውጭ የሚኖር ሰው ሳያመለክት ስጦታው የማይመጣ መሆኑ ነው። ልጅም ዘመድም የሌለው፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ብቻውን ያረጀ ሰው፣ ማለትም አገሩ እንዳልረሳችው መስማት ከማንም በላይ የሚያስፈልገው፣ የሚያመለክትለት አጥቶ ሊያልፈው ይችላል። እህቴ የምትሠራበት መኖሪያ ውስጥም ስለ ጉዳዩ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ነገሩ የተነሣው የአዛውንቱ ሴት ልጅ ከአየርላንድ ዘመዶቿ ስለሰማች ነው።

ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ ብጠይቃት ሳቀች። ከፊሉ ለልደቱ ግብዣ የወጣ ሲሆን፣ ሽማግሌው ለሠራተኞቹ በሙሉ ኬክ እንዲገዛ አዘው፣ ለእሷ ደግሞ ለብቻዋ «ለእናትሽ ላኪላት» ብለው ፖስታ አስጨብጠዋታል። የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ከነዋሪ ገንዘብ መቀበልን ስለሚከለክል መልሳዋለች። እናቴ ይህን ስትሰማ መመለሷን አመሰገነች፤ ሰውየውን ግን ቁጭ ብላ መረቀቻቸው።

በእንግሊዝም ሆነ በሌላ አገር አረጋውያንን የሚንከባከብ የደሴ ልጅ ያላችሁ፣ ይህን አሳውቁት። ዘጠና ዘጠኝ ዓመት ያለፈው አይሪሽ አዛውንት ካገኘ የትውልድ ቦታቸውን ይጠይቅ፤ በአየርላንድ ደሴት ላይ ከተወለዱ ይመለከታቸዋል፤ በእንግሊዝ ከአይሪሽ ወላጆች ከተወለዱ ግን አይመለከታቸውም። ማመልከቻው በሚኖሩበት አገር ባለው የአየርላንድ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ይቀርባል፤ በኢትዮጵያ ላሉትም አዲስ አበባ ኤምባሲ አለ። የድሮ የልደት ወረቀት አፈላልጎ ማውጣት ጊዜ ስለሚወስድ፣ በተለይም በትዳር የቤተሰብ ስማቸውን ለለወጡ ሴቶች ተጨማሪ ማስረጃ ሊያስፈልግ ስለሚችል፣ ልደቱ ጥቂት ወራት ሲቀሩት መጀመር ይሻላል።